ለቅሶ በቀጠሮ

ከአገር የወጣሁ ማታ ሻንጣዬን የዘጋችው እናቴ ናት። ዚፑ እንቢ ሲላት በጉልበቷ ተጫነችውና «አንድ ነገር ብቻ ማልልኝ፤ አፈር የምታለብሰኝ አንተ ነህ» አለችኝ። እኔ መርካቶ ውስጥ ሃያ ዓመት ልባሽ ጨርቅ፣ ሳልቫጅ የምንለውን፣ የሸጥኩ ሰው ነኝ፤ ደንበኛ የሚፈልገው ቃል ከአፌ ለመውጣት አይቸገርም። «ሲጠሩኝ እመጣለሁ» አልኳት። አመነችኝ።

መንገዱን አልተርክላችሁም። የሱዳኑንም የሊቢያውንም ከእኔ አሳምረው የሚያወሩ ሞልተዋል፤ እኔን ባሕሩ ላይ አስመለሰኝ፣ በቃ።

ስለ ኦስሎ ግን «እውነት ነው ወይ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እውነት ነው። በእነሱ በጋ ፀሐይዋ እንደ አጉል እንግዳ አልሄድ ትላለች፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት ሱቋን ዘግታ ትሄዳለች። ሕፃናቱን በጋሪ አድርገው ብርድ ላይ ደጅ ያስተኛሉ፤ እነሱ ውስጥ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። እኔ መርካቶ ጫማ እንኳ ደጅ ትቼ አላውቅም። ብሩኖስት የሚሉት ቡናማ አይብ አላቸው፤ ይጣፍጣል፣ እንደ ከረሜላ! መጀመሪያ ሳየው የልብስ ሳሙና መስሎኝ ነበር፤ ከቀመስኩት በኋላም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት አሟሟታቸውን ነው።

ሃውገሩድ በሚባል ሰፈር በምኖርበት ፎቅ፣ ከፊት ለፊቴ አርነ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። መጀመሪያ በሬን ያንኳኩት የጣልኩትን ፌስታል መልሰው ይዘው ነው።

«የምግብ ትራፊ በአረንጓዴ፣ ፕላስቲክ በሰማያዊ!»

«የእኔ መሆኑን በምን አወቁ?»

«በርበሬ በርበሬ ይላል።»

ከዚያ ወዲህ መንገዱ በረዶ ሲሆን ወተት እገዛላቸዋለሁ፤ እሳቸው ቆሻሻዬን ይፈትሹልኛል። እዚህ አገር ዝምድና ማለት ይኸው ነው፤ አራት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አንድ ማክሰኞ ወተቱን ይዤ ባንኳኳ ልጃቸው ኪርስቲ ከፈተችልኝ። «አባቴ ቅዳሜ ሞተ» አለችኝ፤ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው፣ ያን ያህል ብቻ ከፍቷት። ወተቱን ተቀብላኝ አመሰገነችና በሩን ዘጋች።

እኔ ወደ ጎረቤቱ ሰፈር፣ ወደ ሊንደበርግ፣ ወደ እትዬ ዓለምነሽ ሮጥኩ። ኦስሎ ውስጥ ላለን አበሾች መርዶ ነጋሪያችን እሳቸው ናቸው። ዘዴያቸውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ በዋዜማው ይደውሉና «ነገ ጠዋት ቤት ነህ?» ይላሉ፤ ሲነጋ ሰው አስከትለው ደጅህ ላይ ናቸው። ስልካቸውን ስናይ ቶሎ አናነሳም። ያን ቀን ግን እኔው ቀደምኳቸው፤ ስምንት ሆነን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ንፍሮ በድስት ይዘን አርነ በር ላይ ቆምን።

ኪርስቲ ሰንሰለቱን ሳትፈታ ብቅ አለች። «ምንድን ነው? ውሃ እየፈሰሰ ነው?»

«ለቅሶ ልንደርስ ነው» አልኳት።

«ዛሬ?»

«ቀብሩ መቼ ነው?» አሉ እትዬ።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ በሰባት ሰዓት። ሐሙስ ይመቸኛል።»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ይመቸኛል ነው ያለችው?»

«ያ፣ አዎ፣ ይመቸኛል ነው ያለችው።»

«የአንተ ኖርስክ ቋንቋ ደካማ ነው፤ ደግመህ ጠይቃት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አባቷን የት ልታቆያቸው?»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ።»

«አገሩ ሁሉ ማቀዝቀዣ አይደለም እንዴ!»

አስገባችን። እትዬ እንደተቀመጡ እንባቸውን አወረዱት። ኪርስቲ ሶፍት አቀረበችላቸው፤ ከዚያ ግራ ገብቷት «አባቴን ያውቁት ነበር?» አለች።

«አላውቃቸውም።»

«ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?»

«አንቺ አላለቀስሽማ፣ ልጄ።»

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሰዓቷን አየች። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ አፋቸው የተከፈተ ጥቁር ፌስታሎች ተደርድረዋል፤ የአርነ ልብስ ነው። የት እንደሚሄድ ብጠይቃት «ለእርዳታ። አፍሪካ ይልኩታል መሰለኝ» አለች። እጄ በልማዱ ካፖርቱን ዳሰሰ፣ ገበሩን አየ፣ ኪሱን ገለበጠ። ከኪሱ የወተት ደረሰኝ ወጣ፣ እኔ የገዛሁላቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ «የሰው ገላ ያልነካው ነው!» እያልኩ የማልኩበት ዕቃ ከየት እንደሚነሳ ያኔ ገባኝ። ባለቤቱ እንኳ ገና አልተቀበረም። እነሱን ስጸየፍ ገብቼ ራሴን ጨምሬ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለእናቴ ሳልደውል አልውልም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ስልኩን የሚያነሳው ወንድሜ ደረጀ ሆነ። «ተኝታለች።» «ጠበል ሄዳለች።» «ጆሮዋ አልሰማ ብሏታል።» ሦስት ሳምንት።

የስደተኛ ወረቀታችንን ወደሚያዩልን ቢሮ ሄድኩ። የጉዞ ሰነዴ ከኢትዮጵያ በስተቀር ወደ ሁሉም አገር ያስኬዳል፤ ኒውዚላንድም መሄድ እችላለሁ፣ ግን እዚያ ማንም የለኝም።

«እናቴን ለማየት ብሄድስ?» አልኳት ሠራተኛዋን።

«ከሄድክ አትፈራም ማለት ነው። ካልፈራህ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ለአንድ ሳምንት ብቻ አልፈራም።»

«ፎርሙ ላይ እንደዚያ የሚል ቦታ የለም። እናትህ ሞተዋል?»

«አላውቅም። ብትሞትም ቤተሰቦቼ በስልክ አይነግሩኝም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷን እንዴት እንዳጠቆረችው! «ይሄ ጭካኔ ነው» አለችኝ። አባት በማቀዝቀዣ የሚያቆይ አገር ተጸየፈኝ!

ትናንት ጠዋት ለደረጀ ደወልኩ። «እማዬን አገናኘኝ።»

«ተኝታለች ባክህ።»

ከኋላው አግዳሚ ወንበር ይጎተታል፤ የሰው ድምፅ ይበዛል። «የምን ጫጫታ ነው?»

«ጎረቤት ሰርግ አለ።»

በጾም ሰርግ! ነጋዴ ነኝ፤ ውሸትን ገና ሳነሳው በክብደቱ አውቀዋለሁ። «ደረጀ፣ በሞቴ፣ እንደ ኪርስቲ ንገረኝ።»

«ኪርስቲ ማን ናት? ሚስት አገባህ እንዴ?» ሊስቅ ሞከረ፤ ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረና ስልኩ ተዘጋ።

ከእጄ ሳላወርደው እንደገና ጮኸ። እትዬ ዓለምነሽ ናቸው።

«እንደምን አደርክ ልጄ? ነገ ጠዋት ቤት ነህ?»

«ናይ፣ የለሁም። አልናብሩ መጋዘን ፈረቃ አለኝ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ያን ቀንም ሥራ ነኝ።»

ቀስ ብለው «ታዲያ መቼ ይመችሃል?» አሉኝ።

ፈረቃ የለኝም፤ ሳምንቱን ሙሉ ዕረፍት ላይ ነኝ።

«ሐሙስ ይመቸኛል» አልኳቸው።

ይህን የምጽፍላችሁ ማክሰኞ ነው። እስከ ሐሙስ እናቴ አለች።