ለስላሳዋ፣ ቁጡዋና ቀልደኛዋ

የውኃ ፓምፕ የሚሸጠው ድርጅት ሦስት ስልከኞች አሉት ብለው የሚምሉ ደንበኞች ሞልተዋል። በአንደኛው መስመር ለስላሳዋ አለች፤ ስትናገር ጆሮ ውስጥ ጥጥ የምትጎዘጉዝ። ሁለተኛው የአቤቱታ መስመር ነው፤ እዚያ የተቀመጠችው ቁጡዋ «አቤት» ስትል ሰው የደወለበትን ጉዳይ ይረሳል። ሦስተኛው የመለዋወጫ መስመር ነው፤ የቀልደኛዋ። ከእሷ ጋር ለማውራት ሲሉ ብቻ ያልጠፋ ብሎን የሚያፈላልጉ አሉ። እንግዲህ ጉዱን ልንገራችሁ፦ ሦስቱም አንዲት ሴት ናቸው። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው። ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ስፖንጁ ተበልቶ ያለቀ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «ስልከኛዋ» ይላታል።

ሰው ላታልል ብላ አልጀመረችውም፤ ይህን እኔ እመሰክርላታለሁ። ድሮ በእርግጥም ሦስት ነበሩ። አንዷ ጡረታ ወጣች፣ አንዷ አግብታ ሩቅ አገር ሄደች፣ ሥራ አስኪያጁም «እስኪ ለጊዜው አንቺ ያዢው» አላት። ያ «ለጊዜው» ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደንበኛ ደወለና «አንቺን አይደለም፣ ያቺን ረጋ ያለችዋን አቅርቢልኝ» ብሎ ድርቅ አለ። ሄዳለች ብትለው፣ የለችም ብትለው፣ ወይ ፍንክች። ቢቸግራት የስልኩን ማቆያ ቁልፍ ተጫነች፣ እስከ አሥር ቆጠረች፣ ጉሮሮዋን ጠረገችና «አቤት ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?» አለች፤ ከየት እንደመጣ በማታውቀው ድምፅ። ሰውየው «ተመስገን!» አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያንን ድምፅ መመለስ አልተቻለም። ቁጡዋ በሁለተኛው ወር ከአንድ ተሳዳቢ ጋር ስትነታረክ ተወለደች። ቀልደኛዋ መቼ እንደመጣች እንኳ አይታወቅም፤ አንድ ቀን መስመሩን ስታነሳ እዚያው ተቀምጣ አገኘቻት።

ሦስቱ ለአሥር ዓመት በሰላም ኖሩ። ሰላማቸውን ያደፈረሰው መካኒኩ ነው።

መካኒኩ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ እርሻ ላይ ስምንት ያረጁ ፓምፖችን በልመናም በስድብም የሚያንቀሳቅስ፣ ሚስቱ ከሞተችበት ሰባት ዓመት ያለፈው ሰው ነው። በአንደኛው መስመር ሲደውል እንደ አገር ሽማግሌ ድምፁን ዝግ አድርጎ «እንደምን አደሩ እመቤቴ» ይላል። በሁለተኛው ሲደውል ከሳሽ ነው፤ ጠረጴዛ ሲደበድብ ይሰማል። በሦስተኛው ከመጣ ደግሞ ከትምህርት ቤት የጠፋ ልጅ ይመስል ይንከተከታል። እውነቱን ለመናገር፣ ስልከኛዋ ድምፁን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር፤ በሦስቱም መስመር፣ ሲጣላትም ጭምር።

ያ ሰው ታዲያ ለስላሳዋን ወደደ። ወዶም ዝም አላለም፤ በሦስተኛው መስመር ደውሎ ቀልደኛዋን አማከራት።

«ስሚኝማ የኔ እህት፣ ያቺ ጓደኛሽ ባል አላት?»

«የትኛዋ?»

«ለስላሳዋ ናታ! ያቺን የአቤቱታዋንማ ጠላቴም አያግባት።»

ስልከኛዋን ሳቅም ንዴትም ባንድ ላይ መጣባት። በአንዷ ተመርጣለች፣ በአንዷ ተሰድባለች፣ በአንዷ ደግሞ ደላላ ሆናለች! ቂሙን የያዘችው ቁጡዋ ናትና፣ የሰውየው የፓምፕ ጎማ ማዘዣ ያለ አንዳች ምክንያት መሳቢያ ውስጥ አንድ ሳምንት ሰነበተ። ቀልደኛዋ ግን ጨዋታው ጥሟት፣ ደግሞ ሲደውል መከረችው።

«ስማ፣ በስልክ ሚስት አይገኝም። ወንድ ከሆንክ ናና ፊት ለፊት ጠይቃት።»

«እውነትሽን ነው። ሐሙስ እመጣለሁ።»

ማዳመጫው ከጆሮዋ ወልቆ ጭኗ ላይ ወደቀ።

ስልከኛዋ የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰው ሲያወራት በከንፈሯ ስፒል ነክሳ ነው የምታዳምጠው። ያን ቀን ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣች መርፌ መሰኪያዋ ላይ ተከለቻቸው፤ እንዲህ ያለ ወሬ ስፒል ተነክሶ አይሰማም።

«እና በየትኛው ድምፅሽ ልታናግሪው ነው?» አለቻት።

«በራሴ ነዋ!»

«የራስሽ የትኛው ነው?»

ስልከኛዋ ደንበኞች ልብስ በሚለኩበት መስታወት ፊት ቆመችና «እንደምን ዋልክ» አለች።

«ይቺ ቁጡዋ ናት» አለች እትዬ።

«እንደምን ዋልክ።»

«ይቺ እኔን ስትለምኚ የምታወጫት ናት።»

«እንደምን ዋልክ!»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ይቺ ሟች እናታችን ናት፣ ተያት።» እትዬ አፏን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ግን ሳቋን ዋጥ አደረገችው። «አባባ የታመመ ጊዜ እንደ ሐኪም ነበር የምታወሪው። ለጎረቤት ሌላ ነሽ፣ ለድመቷ ሌላ ነሽ። ከተወለድሽ ጀምሮ አብሬሽ አለሁ፤ የራሴ የምትያትን ሴትዮ ግን አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።»

ይህን ጊዜ ስልከኛዋ ፈራች። የምር ፈራች። ሦስቱን ድምፆች እንደ ካፖርት አንድ በአንድ አውልቃ ብትሰቅላቸው፣ ከሥር ማንም ባይኖርስ? ደግሞ ብትኖርስ፣ ሰው አይቷት የማያውቅ፣ እሷም ያልተዋወቀቻት ሴት ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነች በምን ይታወቃል? «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አለችና ሐሙስ ዕለት ልትታመም ቆረጠች። ያም አላስተማመናትም፤ እትዬ በእሷ ፋንታ ሄዳ እንድትቀመጥላት ለመነቻት።

«እኔ ስድሳ ሊሞላኝ ነው» አለች እትዬ፤ «ግን ሰውየው መልከ መልካም ከሆነ አስብበታለሁ።»

ሁለቱም ሳቅ አሸንፏቸው ቁርጥራጭ ጨርቅ በሞላበት ወለል ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ስልከኛዋ እየሳቀች እንባዋ ይወርድ ነበር። ከየትኛው እንደመጣ፣ ከሳቁ ይሁን ከፍርሃቱ፣ እትዬ አልጠየቀቻትም።

ሐሙስ አልታመመችም። ፀጉሯን ሁለት ጊዜ ሠርታ ሁለት ጊዜ አፍርሳ ሥራ ገባች። ስምንት ሰዓት ገደማ በክፍሏ ትንሽ መስኮት በኩል አንድ ትልቅ ሰው ጎንበስ አለ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል፤ ጥፍሩን ፈትጎ ፈትጎ፣ ከሥሩ ያለው ግራሶ ግን አልለቅ ብሎታል።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ ለስላሳዋን... ማለቴ የአንደኛ መስመሯን ፈልጌ ነበር።»

አፏን ከፈተች። ወዲያው ስልኩ ላይ ያሉት የሦስቱ መስመሮች መብራቶች ባንድ ጊዜ ቦግ አሉ።

ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ እጅ ቆይ ቢሉት አይቆይም። አንደኛውን ተጫነች፤ «አቤት ጌታዬ፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ።» ሁለተኛውን፤ «እዚህ ገበያ አይደለም፣ ድምፅዎን ይቀንሱ!» ሦስተኛውን፤ «አንተ፣ ዛሬም ብሎን ጠፋብህ? ራስህስ ቦታው አለ?»

መካኒኩ ግራና ቀኙን አየ። ጎንበስ ብሎ በጠረጴዛው ሥር አየ። በመጨረሻ እሷን አየ። ለማን ምን እንዳለ አንድ በአንድ ትዝ እያለው ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ያ... ጠላቴም አያግባት ያልኩት...»

«ሰምቻለሁ።»

«የፓምፑ ጎማ የዘገየውስ...»

«አዎ።»

ኮፍያውን አጠለቀ። ዞረ። ወደ መውጫው ሁለት እርምጃ ተራመደ፤ አሁን ከሄደ በየትኛውም መስመር አይመለስም።

«አንተስ?» አለችው አንቱታውን ረስታ። «አንተስ ስንት ነህ? ለአንዷ ሽማግሌ፣ ለአንዷ ከሳሽ፣ ለአንዷ ሕፃን! ዛሬ የመጣኸው የትኛው ነህ?»

መካኒኩ ቆመ። ጥያቄውን የፓምፕ ብልሽት የቀረበለት ያህል ከልቡ አሰበበት።

«እንግዲህ... ሐሳቡ የሽማግሌው ነበር» አለ። «አውቶቡስ ላይ ያሳፈረኝ ሕፃኑ ነው። ከሳሹ ግን ስድስት ሰዓት ሙሉ ‹አሁን ምን ልታደርግ ነው የምትሄደው?› እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነው የመጣው።»

ሳቋ አመለጣት። የየትኛዋ ሳቅ እንደሆነ ለማጣራት ጊዜ አልነበራትም። እሱም ሳቀ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። መብራቶቹ ቦግ እልም ይላሉ፤ የሚያያቸው የለም።

«ለለስላሳዋ የምላትን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳጠና ነበር» አለ ሳቁ ሲበርድለት። «ለአንቺ ግን ምንም አላዘጋጀሁም።»

«እኔም ማን እንደምትመልስልህ አላውቅም።» ድምፏ ተንቀጠቀጠ፤ ተወችው፣ ይንቀጥቀጥ። «ቤትህ ገብታ የምትኖረው የትኛዋ እንደሆነች ቃል ልገባልህ አልችልም። ምናልባት ገና ያልመጣችም አለች። እፈራለሁ።»

«የፈራችው የትኛዋ ናት?»

«ሦስታችንም።»

መካኒኩ ኮፍያውን እንደገና አወለቀ።

«እኛም» አለ።

ስልከኛዋ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተነሥታ በሩን ከፈተችላቸው።