ቀይ ክር የታሰረበት ፍላሽ

ባለፈው ሳምንት መሳቢያ ሳጸዳ አንድ አሮጌ ፍላሽ እጄ ላይ ወጣ። ጫፉ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ታስሯል። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የበቅሎ ላብ የሸተተኝ መሰለኝ። ሽታ ይህን ያህል ዓመት እንደማይቆይ አውቃለሁ። የሸተተኝ ግን ሸተተኝ።

ያን ጊዜ ደባርቅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ። ሥራ አልነበረኝም፤ ኩራት ግን ሞልቶኝ ነበር። የኩራቴም ምንጭ ሪሲቨራችን ነው። በሰፈሩ ዲሽ ያልተከለ ቤት ጥቂት ነበር፤ ሪሲቨሩ ላይ ፍላሽ ሰክቶ ከቴሌቪዥን መቅዳት እንደሚቻል የደረሰበት ግን ከእኔ ሌላ አልነበረም። ማንም ሳያስተምረኝ ቁልፎቹን ስነካካ ያገኘሁት ነው። ፊልምና ተከታታይ ድራማ እየቀዳሁ ፍላሹን ለሰፈር ሰው አከራይ ጀመር። ሪሲቨሩ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ሞልቼ ገበያ ወጥቼ ስመለስ ቀድቶ ይጠብቀኛል። እናቴ፣ «ያለ ሰው የሚሠራ ዕቃ ደግ አይደለም» እያለች ታማትብበት ነበር።

አንድ ቀን የፓርኩ አስጎብኚ የሆነ ጎረቤታችን አንድ ሰው ይዞ መጣ። ሰውየው ከበየዳ ወዲህ ካለ መንደር የመጣ ባለ በቅሎ ነው፤ የቱሪስቶችን ጓዝ እየጫነ ተራራ ይወጣል። በጭድ የተጠቀለለ እንቁላል ለእናቴ ሰጥቶ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጉዳዩን የነገረን አስጎብኚው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የውጭ አገር ሰዎች ስለ ተራራው ፊልም ሊያነሱ መጥተው የዚህን ሰው ሚስት ገብስ ስታነፍስ ቀርጸዋት ነበር። ፊልሙ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በአንድ የውጭ ጣቢያ እንደሚታይ ለአስጎብኚው ጽፈውለታል።

ባለ በቅሎው ያን ጊዜ ቀና አለ። «ሚስቴ ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷ ነው» አለ። «ፎቶ የሚባል ነገር የላትም። እናቷ ስትሞት ልጅቱ ገና ጡት አልጣለችም ነበርና መልኳን አታውቀውም። የቀረጿት ለት እኔም እዚያው ነበርሁ፤ አረንጓዴ ሻሽ አስራ ነበር። ዞር ብላ ሳቀችባቸውና ሰፌዷን ብብቷ ስር አድርጋ ወደ ቤቷ ሄደች። ያችኑ ለልጄ ላሳያት ብዬ ነው እንጂ እኔስ ፊልም ምን ያደርግልኛል?»

ሐሙስ ዕለት እሱ ከቱሪስቶች ጋር ተራራ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ግን ልጁን ይዞ ይወርዳል። «እቀዳልዎታለሁ፣ ጋሼ» አልኩት። ይህን ስል ደረቴን ሳልነፋ አልቀረሁም። አዲስ ፍላሽ አውጥቼ አሳየሁት። እሱም ወደ ደጅ ወጣና ከበቅሎዋ ልጓም ላይ ቀይ ክር መዞ ተመለሰ። ፍላሹ ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጥሮ፣ «ከሌላው እንዳይቀላቀልብሽ» አለኝ። እሱ ሲሄድ ጣቢያውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሪሲቨሩ ላይ ሞላሁ።

ረቡዕ ማታ መብራት ጠፋ። አገሩ ሁሉ ሲከታተለው የከረመ፣ በአረብ ጣቢያ የሚተላለፍ ድራማ የመጨረሻው ክፍል የሚታይበት ማታ ነበር። ድጋሚው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲሆን የሰፈሩ ሴት ሁሉ እኛ ቤት ተሰበሰበ። ከቤይሩት የተመለሰችው ጎረቤታችን መሐል ተቀምጣ ታስተረጉማለች። ወንድሟም አብሯት መጥቷል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ ዝም ሲል እንኳ የሚያምር ልጅ ነበር። ቤታችን ሲመጣ የመጀመሪያው ነው፤ ከእኔ አጠገብ ካልሆነ በቀር ባዶ ወንበር አልተገኘለትም። ወንበሮቹን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ።

ደጁን ጉም ዘግቶታል። ቤቱ ውስጥ የእርጥብ ጋቢና የሞቀ ሪሲቨር ሽታ ነበር። ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። መቅጃው ሰዓቱ ደርሷልና ጣቢያውን ልቀይር ወይ እያለ ነው። ያ ሪሲቨር አንዱን እየቀዳ ሌላውን ማሳየት አይችልም። ሴቶቹ በአንድ አፍ «ኧረ ምንድን ነው?» አሉ። የተራራ ፊልም ልቀዳ ቃል ገብቼ እንደነበር ነገርኳቸው።

አጠገቤ ያለው ልጅ ሳቀ። «ጭላዳ ለማየት ደግሞ ቴሌቪዥን ምን ያደርጋል? ከበር ወጣ ብሎ ማየት ነው እንጂ» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ዕቃው ቃሉን ሊጠብቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ቃል የበላሁት እኔ ነኝ። «አይ» የሚለውን መርጬ ተጫንኩ፤ ጽሑፉም ጠፋ።

ለራሴ የነገርኩትን አስታውሳለሁ። ፊልሙ ረጅም ነው፣ መጀመሪያው ገደልና ደመና ብቻ ነው፣ ሰዎቹ ወደ በኋላ ይመጣሉ አልኩ። ድራማው አልቆ ሴቶቹ ዕንባቸውን ሲጠርጉ ሪሞቱን አንስቼ ጣቢያውን ቀየርኩና መቅጃውን ተጫንኩ።

ቴሌቪዥኑ ላይ የአንዲት ሴት ጀርባ ነበር። አረንጓዴ ሻሽ፣ ብብቷ ስር ሰፌድ። የግራ እግሯን ትንሽ ወደ ውጭ ጣል እያደረገች በገብሱ አውድማ ዳር አልፋ ወደ አንድ ጎጆ አመራች። በሩ ጋ ሳትደርስ ሥዕሉ ተቀየረ። ከዚያ በኋላ እስከ ፍጻሜው ጭላዳ፣ ዋልያና ገደል ብቻ ነው። ዞር ብላ የሳቀችው ከዚያ በፊት፣ እኛ ቤት ለድራማው ሲለቀስ ነበር።

ዓርብን ሙሉ ያችን ጀርባ እየመለስኩ አየኋት። አራት ጊዜ አየኋት። ባሳየው ዘግይቼ እንደጀመርኩ ያውቅብኛል። ምክንያቱን ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? «አንድ ጎረምሳ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር» ልበል? ቅዳሜ ረፋድ ላይ የበቅሎ ኮቴ ደጃችን ድንጋይ ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ። ፍላሹ ተሰክቶ ነበር። የቀዳሁትን አጠፋሁት።

ልጅቱ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ቅቤ ተቀብታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሁለት ቀን በበቅሎ መጥታለች። ቀጥ ብላ ቴሌቪዥኑ ፊት ሄዳ ቆመችና በጣቷ ነካችው። «በዚህ ነው የምትመጣው?» አለች።

«ሐሙስ ለት መብራት ጠፋብኝ፣ ጋሼ» አልኩ። «ምንም አልቀዳም።»

እኛ አገር ይህን ሰበብ ማንም አይመረምርም። መብራት ጠፋ ከተባለ ጠፋ ነው። ባለ በቅሎው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «መብራት ምን ይደረጋል» አለ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «ከመጨረሻው እንኳ ትንሽ የለም ወይ፣ የኔ ልጅ? ፊቷ ባይገኝ ጀርባዋም ቢሆን ይበቃን ነበር። አካሄዷን ብታይልኝ» አለኝ።

«የለም» አልኩ። ያጠፋሁት ገና አሁን ነበር። ሪሞቱ እጄ ውስጥ ነበር።

ሊሄድ ሲነሳ ፍላሹን ብሰጠው አልቀበልም አለ። «ያዢው፤ ደግመው ያሳዩት ይሆናል። እግዜር ይስጥሽ፣ ደክመሽልናል» ብሎ መረቀኝ። ሐሙስ ዕለት እናቴ ቤት ነበረች። መብራቱ ቦግ ብሎ እንደዋለ ከእኔ እኩል ታውቃለች። እንቁላሉን ከነጭዱ አምጥታ የልጅቱ አገልግል ውስጥ ከተተችው፤ ቡናና ስኳርም ጨመረችበት። በቅሎዋ ከዓይን እስክትርቅ ጠብቃ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «በመብራት አሳበብሽ» አለች።

ፊልሙን ደግመው ሲያሳዩት አላገኘሁም፤ እስከ ዓመቱ ድረስ ያን ጣቢያ ጠበቅሁ። ያ ጎረምሳም ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን አልመጣም፤ ዛሬ ባገኘው መልኩን አልለየውም። አሁን ዘመኑ ሌላ ነው፤ ፊልም ከስልክ ላይ በጣት ይከራዩታል። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ በካርዱ እየከፈለልኝ ስለ ስሜን ተራራ የተሠራ የሚባል ፊልም ሁሉ ተከራይቼ አይቻለሁ። «ያደግሽው ተራራው ደጅ አይደለም ወይ?» ይለኛል። አረንጓዴ ሻሽ በታየ ቁጥር አቆመዋለሁ። እሷ ሆና አታውቅም።

ዐምና እናቴን ልጠይቅ ደባርቅ ሄጄ ነበር። ከቤት ስወጣ መንገድ ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አስቆመችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። «ያ ፍላሽ ያለሽ አንቺ ነሽ አይደል? ቤታችሁን አባቴ አሳይቶኝ ነው» አለች። አባቷ ደህና እንደሆነ ነገረችኝ። «ሁልጊዜ ያነሳሻል። ‹ደክማልን ነበር፤ መብራቱ ነው የከለከላት› ይላል።»

ልነግራት ይገባኝ ነበር። እዚያው፣ ቆመን ሳለ። ፊቷን አየሁት፤ እናቷን ይመስል እንደሆን አላውቅም፤ እኔም የእናቷን ፊት አላየሁትም። «ሰላም በይልኝ» ብቻ አልኳት።

ጉንጬን ስማኝ ደብተሮቿን ብብቷ ስር አደረገችና ዳገቱን ያዘች። የግራ እግሯን ትንሽ ወደ ውጭ ጣል ታደርጋለች። እንዲህ እንደምትሄድ ራሷ የምታውቅ አልመሰለኝም፤ ከማን እንዳገኘችውም ማየት አልቻለችም። እኔ አይቼዋለሁ። ልጠራት አፌን ስከፍት መታጠፊያው ጋ ደርሳ ነበር።