በድመት በኩል የተነጋገርንበት መኸር

ይህ ታሪክ መነገር የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ያለበት አንዲት ድመት፣ አንድ የመንደር ኳስ ጨዋታና አንድ የማሽላ ማሳ ብቻ ነው። የሞተ የለበትም፣ የታሰረም የለበትም። የኛ አገር ሰው ከዚህ የከበደ ስንት ነገር አይቶ ዝም ባለበት፣ እኔ ስለ ድመት ላወራ ስነሳ ትንሽ አፍራለሁ። ግን ካልተናገርኩት ማመስገን ያለብኝን ሰዎች ሳላመሰግን ልቀር ነውና ታገሱኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ጥንቅሽ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የዶርም ጓደኛዬ ከጎብዬ ስትመለስ አንድ እስር ጥንቅሽ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ይዛልን መጣች። አልጋ ላይ ተደርድረን መላጥ ጀመርን። ልጣጩን በጥርሴ ይዤ ስስበው ያ እርጥብ፣ ጣፋጭ፣ ትንሽ አቧራ አቧራ የሚል የአገዳ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ጓደኞቼ ስለ ፈተና ያወራሉ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ሆኖ ቆቦ ነበርኩ።

ቤታችን የከተማው ባጃጅ ዞሮ የሚመለስበት ዳር ላይ ነው። ማሳችን ደግሞ ከዚያ ወደ ዋጃ በኩል ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል፤ ከወንዙ አጠገብ። ወንዝ ስል ውሃ ያለው እንዳይመስላችሁ። ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብ ጎርፉ ወደኛ ይወርዳል፣ ገበሬው ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ያ አሸዋ የወንድሜ የኳስ ሜዳ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ በረኛ ነው። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጓንቱ የግንበኛ ጓንት ነው፤ መዳፉ ላይ ሲሚንቶ ደርቆበታል። አባቴ «ኳስ እህል አይሆንም» እያለ ይቆጣው ነበር፤ ግን እሑድ እሑድ ትንሿን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ «ዜና ነው» ይለናል። ዜናው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰው ይጮህበት ነበር። እናቴ በሁለቱም ትስቃለች። ድመታችን ውሮ ደግሞ የማንም ደጋፊ አልነበረችም፤ የምትደግፈው የሚበላውን ሰው ነው።

ጥቅምት ላይ ማሽላው ወተት ይይዛል። ግሪሳ የሚወደው ጊዜ ይህ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ግሪሳ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ናት፤ ለብቻዋ ብታዩዋት ታሳዝናለች። ለብቻዋ ግን መጥታ አታውቅም። እንደ ጭስ ተጠቅልላ ትመጣለች፤ ስታርፍ አገዳው ሁሉ ያጎነብሳል፤ ስትነሳ የሚቀረው ገለባ ነው። ስለዚህ በዚያ ወር ከጎህ እስከ ፀሐይ ግባት ማማው ላይ ሰው መኖር አለበት። ማማ ማለት በአራት እንጨት ላይ የቆመ መደብ ነው፤ እዚያ ላይ ሆነው በጩኸት፣ በቆርቆሮና በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ። ጠዋት የአባቴ ተራ ነው፤ ከሰዓት የወንድሜ።

የዚያን ቀን አባቴ ለቅሶ ሄዷል። የወንድሜ ቡድን ደግሞ ከዋጃ ልጆች ጋር ጨዋታ ነበረው።

«እታለም፣ በሞቴ» አለኝ ማማው ሥር ቆሞ። «ዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል። አሥር ተኩል ሲል እዚህ ነኝ።»

«ግሪሳ ቢመጣስ?»

«ትጮኺያለሻ! አንቺ ስትጮኺ እንኳን ወፍ ጅብም አይጠጋም። ብቻ ከማማው እንዳትወርጂ።»

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ወንጭፉን ሲያስረክበኝ በቁመቴ ላይ አንድ ክንድ የጨመርኩ መሰለኝ። አንድ ሰዓት ያህል በትጋት ጠበቅሁ። አልፎ አልፎ ጥቂት ወፎች መጡ፤ ጮህኩባቸው፣ ሄዱ። ከማማው ላይ ሆኜ የወንዙ ዳር ይታየኛል፤ አቧራው ይነሳል፣ የሰው ራስ ይታያል፣ ኳሱ ግን አይታይም። ዘንድሮም በሌላ ሰው ስልክ ኳስ ሲተላለፍ ድምፁን ብቻ ስሰማ ያ መቁነጥነጥ ይመጣብኛል።

ከዚያ ጩኸት ተነሳ። «ሪጎሬ! ሪጎሬ!» ይላሉ። ቀጥሎ የሰፈራችን ልጆች «በረኛው! አይዞህ በረኛው!» ሲሉ ሰማሁ። ፍጹም ቅጣት ምቱ በኛ ላይ ነው ማለት ነው። ሰማዩን ዞሬ አየሁት። ንጹሕ ነበር። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አልቆጥረውም፤ ሰማዩ ንጹሕ ነበር። አንዴ አይቼ ልመለስ ብዬ ወረድኩ። ሮጥኩ።

ስደርስ የዋጃው መቺ ኳሷን አሸዋው ላይ ያመቻቻል። ረጅም ነው፣ እሱ ብቻ ነው ታኬታ ያደረገው። ደጋፊዎቹ የወንድሜን ጓንት አይተው «አንተ ግንበኛ! ግድግዳህን ደግፈው፣ መናዱ ነው!» እያሉ ይስቃሉ። መቺው መጣ፤ መታ። ወንድሜ በአየር ላይ ተዘረጋ። ኳሷ በጣቱ ጫፍ ተነክታ የጎሉን እንጨት ላጠችና ወጣች። አሸዋ ላይ ወድቆ ሲነሳ ጆሮውና አፉ አሸዋ ሞልቷል፤ እየሳቀ ነው። ሰው ሁሉ ገብቶ በትከሻው አነሳው።

ከላይ ሆኖ አየኝ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። እኔን ትቶ ከኋላዬ፣ ወደ ማሳው፣ ተመለከተ።

ያኔ ነው የቆርቆሮ ድምፅ የሰማነው። ማሳቸው ከኛ ጋር የሚዋሰን ሽማግሌ ሼህ የራሳቸውን ትተው በኛ ማሳ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያሉ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣሉ። «ግሪሳ! ያ ጀማዓ፣ ግሪሳ!» ኳስ ሲያይ የነበረው ሰው ሁሉ፣ የዋጃ ልጆች ሳይቀሩ፣ ተከትሎን ሮጠ። ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ደረቅ ቅጠል ላይ የሚወርድ ከባድ ዝናብ ይመስል ነበር። ስናባርራቸው ፀሐይዋ ለአፍታ ጠፋች። በወንዙ በኩል ያለው የማሳው ግማሽ እሸት አልቀረበትም።

አባቴ ከለቅሶው ጋቢውን እንደተከናነበ መጣ። አንዱን የተራቆተ የማሽላ ራስ በእጁ ይዞ አገላበጠው።

«ማማው ላይ ማን ነበር?»

ወንድሜ ከፊቴ ቆመ። «ተራው የኔ ነበር። ትቼው ኳስ ሄድኩ» አለ። አንድም ውሸት የለበትም። የጎደለው እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ከጀርባው ሆኜ «እኔ ነበርኩ» አላልኩም።

አባቴ አልመታውም፣ አልጮኸበትም። «ኳሷን ያዝክ?» አለው።

«አዎ።»

«እህሉን ለቀቅከው።»

ከዚያች ቃል በኋላ አባቴ ወንድሜን ማናገር አቆመ።

ቤት አንድ ነው፣ ሥራም አንድ ነው፤ ጨርሶ ዝም መባባል አይቻልም። እንዴት እንደተጀመረ አላስታውስም፤ ብቻ በሦስተኛው ቀን እራት ላይ አባቴ አጠገቡ የተቀመጠችውን ድመት እያየ፣ «ውሮ፣ ለዚያ በረኛ ንገሪው፤ በሬዎቹ ውሃ አልጠጡም» አለ።

ወንድሜም ወደ ድመቷ ዞሮ «ውሮ፣ ጠዋት አጠጥቻቸዋለሁ በይልኝ» አለ።

«ውሮ፣ ጠዋት የጠጣ በሬ ማታ አይጠማውም ወይ በይው።»

ድመቷ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ትመለከታለች። መልእክት የሚልክባት ሁሉ ጉርሻ ቢጤ ስለሚጥልላት ሥራውን ወደደችው፤ እራት ሲቀርብ ከሁላችን ቀድማ መሐላቸው ትቀመጥ ጀመር። የነቢያት ጾም ገብቶ ሽሮ ብቻ ስንበላም አልቀረችም። እናቴ ቀልድ አታጣም፤ «ይቺ ድመት በአስታራቂነት ወፈረች፤ እናንተ ከታረቃችሁ በረሃብ ትሞትብኛለች» ትላለች። እኛ እንስቃለን። አባቴና ወንድሜ ግን ሳቃቸውም አይገናኝም ነበር።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ወንድሜን ጠሩት። ወልድያ ላይ ለወጣቶች ቡድን ምልመላ አለ፤ ታኅሣሥ ሃያ እዚያ ይገኝ፤ ዕድሜው ስለሚያልፍ ከርሞ አይቀበሉትም። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ በደስታ እግሩ መሬት አልነካም። ማታ ግን ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውሮ፣ ለአባዬ ንገሪልኝ። ወልድያ ለምልመላ ጠርተውኛል» አለ።

አባቴ እንጀራውን ሲጠቀልል ቆየ። «ውሮ፣ ማሳ ጥሎ ሲሄድ ያላስፈቀደ ሰው አሁን ምን አስፈቀደው በይልኝ።»

በኛ ቤት አባት ሳይመርቅ መንገድ አይወጣም። እናቴ ጓዳ ጠርታ «ዝም ብለህ ሂድ፣ እኔ እመርቅሃለሁ» ብትለው ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ፊቴን ሳያይማ አልሄድም።» ወንድሜ ሊቀር ነው። የሚቀረው ደግሞ እኔ ስለ ወረድኩ ነው።

ለመናገር ስንት ጊዜ ሞከርኩ። አባቴን ወደ ማሳ ተከትዬው ሄጄ ስለ በሬዎቹ አውርቼ ተመልሻለሁ። አንድ ቀን ማሽላው ሲወቃ ሼሁ ውሃ ሳቀርብላቸው ጣሳውን ይዘው ቆዩና፣ ቀስ ብለው፣ «ስትወርጂ አይቼሽ ነበር ልጄ» አሉኝ። «ለሰው አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። ያንቺ ነው፤ አንቺው ታወጪዋለሽ። ኢንሻ አላህ አይከብድሽም።» ውሃቸውን ጠጥተው መረቁኝ። እኚህ ሰው ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ዳግመኛ መርቀውኛል።

ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ፣ ገብርኤል ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደን ተመልሰን፣ ማታ እራት ቀረበ። ወንድሜ ሻንጣ አላዘጋጀም። ጓንቱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ውሮ ቦታዋን ይዛለች። ማንም ምንም የሚልክባት አልነበረም። እኔ ድመቷን አየሁና አፌ ራሱ ተከፈተ።

«ውሮ፣ ለአባዬ ንገሪልኝ» አልኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጥኗል። «ማማው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። አትውረጂ ብሎኝ ነበር። ሪጎሬውን ላይ ብዬ ወረድኩ። ለወንድሜ ደግሞ...» ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ሆነ።

እናቴ ወጡን ያዘለውን ጭልፋ በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ወንድሜ በዓይኑ ተቆጣኝ። አባቴ እኔን አየ፤ ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ወንድሜ መለሰ።

«የስንት ሰዓት መኪና ነው?» አለ።

ወንድሜ ልማድ ሆኖበት ወደ ድመቷ ዞረ፤ መልሱን በእሷ ሊልክ።

«አንተን ነው የምጠይቅህ፣ ልጄ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት» አለ ወንድሜ። እናቴ ተነስታ ዳቦ ቆሎ ልታዘጋጅ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ሆና አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማ ነበር።

ምልመላው ላይ ቁመትህ ያንሳል ብለው መልሰውታል። ይህን አሁኑኑ የምነግራችሁ የታሪኬ መጨረሻ ያ እንዳይመስላችሁ ነው። ዛሬ ቆቦ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፤ እሑድ እሑድ የሰፈሩን ልጆች በረኝነት ያስተምራል፤ በየወሩ ሳልጠይቀው ካርድ ይሞላልኛል። «ሄጄ ሞክሬያለሁ» ይላል ሲጠየቅ፤ ይህን ሲል አንገቱ ቀና ይላል። ውሮ አርጅታ አንድ ክረምት ወጥታ አልተመለሰችም።

ያኔ በገብርኤል ማግስት አባቴና እኔ መናኸሪያ ሸኘነው። ብርድ ነበር፤ የሚኒባሱ ረዳት «ወልድያ! ወልድያ! አንድ ሰው!» ይጮኻል፤ ያላለቀ ጎህ ከተራራው በላይ ቀልቷል። አባቴ ሁለት እጁን ወንድሜ ራስ ላይ አድርጎ ረጅም ምርቃት መረቀው፤ ረዳቱ እንኳ ጩኸቱን አቁሞ አሜን አለ። ወንድሜ ሊገባ ሲል ጆሮዬን ቆነጠጠኝ።

«ለምን ተናገርሽ? እኔ ይዤልሽ ነበር እኮ» አለኝ።

መኪናው ሄደ። እኛ በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን። አባቴ ስለ ማሳው ይቆጣኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ከጎኑ እራመዳለሁ። ሱቆች ገና እየተከፈቱ ነው። አንድ መቶ እርምጃ ያህል ሄድን። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በየት በኩል ያዘው?»

«ምኑን?»

«ሪጎሬውን ነዋ!» አለ፤ የተናደደ ሊመስል እየሞከረ። ሁለት ወር ሙሉ ሊጠይቅ የሚችለው ሰው አልነበረውም።

«በግራው» አልኩት። «በጣቱ ጫፍ። እንጨቱን ላጣ ወጣች።»

«በጣቱ ጫፍ?» አባቴ መንገዱ መሐል ቆመ። ከዚያ እጄን ያዘና፣ «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለኝ። እኔም ስለ ረጅሙ መቺ፣ ስለ ታኬታው፣ ስለ ግንበኛው ስድብ፣ ጆሮው ውስጥ ስለገባው አሸዋ፣ ቤት እስክንደርስ ነገርኩት። በር ላይ ደርሰንም አልጨረስኩም ነበርና ሰፈሩን አንድ ዙር ደግሞ ዞርን። ታኅሣሥ ሃያ ጠዋት ነበር።