ከብስክሌት ወርዶ እጅ መንሳት

እኔ ሲፈጥረኝ ተጸያፊ ነኝ። እናቴ «ይሄ ልጅ ዝንብ ያለፈበትን ውኃ አይጠጣም፤ እንዴት አድርጎ ሊኖር ነው?» እያለች ትጨነቅ ነበር። ድሬሰር ሆኜ አሰበ ተፈሪ ጤና ጣቢያ ስመደብ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቁስል ሳጥብ ውዬ ማታ ከሌላ ሰው ጋር አንድ ዕቃ መጋራት ሞት ነው የሚመስለኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው የብስክሌት ክበብ አባል ያደረጉት።

ክበብ ልበለው እንጂ፣ ድንቄም ክበብ! ስድስት ወንዶችና አንዲት ብስክሌት ነበርን። ብስክሌቷ እውነት ለመናገር ቆንጆ ነበረች፤ መሪዋ ወደ ታች የታጠፈ፣ ቀይ ቀለም የተቀባች የእሽቅድድም ኮርሳ። አዋጥተን ከድሬዳዋ ነው ያስመጣናት፤ እስከ ሚኤሶ በባቡር፣ ከሚኤሶ በጭነት መኪና። ሊቀ መንበራችን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነበሩ። ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ሹመቱ ወደ ሌላ ሰው አያልፍም።

አንድ ብስክሌት ይዘው እንዴት ይሽቀዳደማሉ የሚል አይጠፋም። የምንሽቀዳደመው ከሰዓት ጋር ነበር። ፀሐዩ በረድ ሲል ከከተማው መውጫ እንሰበሰባለን። አንዱ ይነሣና ወደ ሚኤሶ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዋርካው ጋ ዞሮ ሽቅብ እያቃሰተ ይመለሳል። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ይናገራሉ። ከዚያ ተረኛው በዚያችው ብስክሌት፣ በዚያው በሞቀ ኮርቻ ላይ ይወጣል።

ተራው ደግሞ በማዕረግ ነው። ዳይሬክተሩ በጠራ ብርሃን፣ በደረቅ ኮርቻ ይጀምራሉ። ሌሎቹ እንደየደረጃቸው ይከተላሉ። ከመጨረሻ በፊት የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ መጨረሻ እኔ ቁስል አጣቢው። የጸሐፊውን ነገር ልንገራችሁ። ዋርካው ሥር ጫት የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። እዚያ የደረሰ ሁሉ ለመድረሱ ምልክት ከእጇ አንዲት የጫት ቀንበጥ ተቀብሎ ይመጣል፤ ያለ ቀንበጥ የተመለሰ አልደረሰም ይባላል። ጸሐፊው ታዲያ ቀንበጧን ሽቅብ እየነዳ ይበላታል! ቅጠሏን ጨርሶ እንጨቷን ለማስረጃ ያመጣል። አረንጓዴ ምራቁ ከአገጩ መሪው ላይ ይንጠባጠባል። በዚያ ላይ ራሱን ቅቤ ይቀባ ነበር፤ ሲሞቀው ቀልጦ በአንገቱ ይወርድና በእጁ በኩል መያዣው ላይ ይደርሳል። ኤጭ! ይኸው ስንት ዓመት አልፎት አሁንም ስጽፈው ያቅለሸልሸኛል።

እኔም አልኮል የነካ ጥጥ በብልቃጥ ይዤ እሄድ ጀመር። ጸሐፊው ሲወርድ መሪውንም ኮርቻውንም እወለውላለሁ። «ምነው ዶክተር፣ ለምጽ አለብኝ እንዴ?» ይላል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን እወለውላለሁ፤ ወልውዬም ስወጣ እቀድመዋለሁ። ይህ ነገር ለጸሐፊውም፣ የቅርብ ወዳጁ ለሆኑት ለዳይሬክተሩም ደስ አላላቸውም።

በዚያ ሰሞን ከድሬዳዋ ጥሪ መጣ። የየከተማው ክበብ ከሁሉ የፈጠነ አንድ ሰው ይላክ፤ ውድድሩ አስፋልት ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ለብቻው ብስክሌት ይሰጠዋል ተባለ። ለብቻው! ማንም ያልተፋበት፣ ማንም ቅቤ ያላንጠባጠበበት መሪ! ጠጠር የሌለበት መንገድ! በዚያን ጊዜ ከዚህ ዓለም የምሻው ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ ሚስት አልልም፣ ሹመት አልልም፤ ይህችኑ አንድ ቀን ነበር የምላችሁ። ሌሊት ሳይቀር በሕልሜ አስፋልቱን እነዳው ነበር።

የመለያው ምሽት ደረሰ። ጸሐፊው ከመቼውም በልጦ ፈጥኖ መጣ፤ ዳይሬክተሩ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እኔ ጥጤን አውጥቼ ወለወልኩና ወጣሁ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ዋርካው ጋ ቀንበጧን ተቀብዬ ብስክሌቷን ሳዞር ከቆላው ማሳ በኩል በቅሎዎች ብቅ አሉ። ፊታውራሪው ናቸው፤ የአካባቢውን ግማሽ መሬት የያዙ ሽማግሌ። ጥላ ያዥ ከኋላ፣ ነፍጥ ያነገቡ ከፊት፣ መንገዱን ቀስ ብለው ሊያቋርጡ ነው።

ወይኔ ጉዴ! በዚያ ዘመን ባለማዕረግ ሲያልፍ በቅሎ ላይ ያለ ሰው ወርዶ እጅ ይነሣል፤ ብስክሌት ደግሞ ከበቅሎ አይበልጥም። ያልወረደ ሰው ምን እንደሚደርስበት ቁስሉን ያጠብኩለት እኔ ነኝና አውቀዋለሁ። ወረድኩ። ብስክሌቷን ዳር አስተኝቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ግንባሬ ጉልበቴን ሊነካ እስኪደርስ አጎነበስኩ። አንዷ በቅሎ ሌላ ቦታ ያጣች ይመስል እፊቴ ቆማ ሸናች። ፍንጣቂው ካልሲዬን፣ ሱሪዬን፣ አልፎም አገጬን አገኘኝ። እኔን፣ ዝንብ ያለፈበትን ውኃ የማልጠጣውን! ቀና ማለት ነውር፣ መሸሽ ነውር፤ ትንፋሼን ይዤ የመጨረሻዋ በቅሎ እስክታልፍ ጠበቅሁ። ጫት ሻጯ አፏን በሻሿ ሸፍና ትስቅ ነበር።

እንደዚያን ዕለት ነድቼ አላውቅም። ቁጣና ሽንት አንድ ላይ ሲገፉት ሰው ዳገት አይታየውም። ስደርስ ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዳመጡት። እንደገና አዩት። ጸሐፊውን በሰፊው በልጬዋለሁ። «ማሻአላህ!» ብሎ የክበቡ ገንዘብ ያዥ፣ ባለ ሱቁ፣ እቅፍ አደረገኝ። በቃ፣ ድሬዳዋ የእኔ ሆነች!

ምናለ ያኔ አፌን ብዘጋ! ደስታ አፍ ያስከፍታል። «እንዲያውም ፊታውራሪ አጋጥመውኝ ነው እኮ፤ ወርጄ፣ እጅ ነስቼ፣ ቆሜ አሳልፌያቸው!» አልኩ።

«ወርደህ?» አለ ጸሐፊው፣ የጎረሰውን ጫት ወደ ሌላው ጉንጩ እያዞረ። «ወርደህ፣ ቆመህ፣ ከእኔ ቀደምክ? እንዴት ሆኖ?»

በማግስቱ አንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ዳይሬክተሩ ጠመኔ አነሡ፤ ሰሌዳው ላይ ግን ምንም አልጻፉም። «ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «ወርደህ ከሆነ ይህ ሰዓት ሊመጣ አይችልም፤ የእኔ ሰዓት ተሳስቷል ማለት ነው። ሰዓቱ ትክክል ከሆነ ደግሞ አልወረድክም፤ ፊታውራሪን ደፍረሃል ማለት ነው።»

«ወርጄም፣ ሰዓቱም ትክክል ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«እሱማ አይሆንም» አሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ለምን አይሆንም? ብርቱ ብሆንስ? ከእነሱ እጥፍ ብበረታስ? ይህችን ነገር ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው አንዱ እንኳ አላሰባትም፤ ወይም አስቧት ዋጣት።

ሮጬ ሄጄ ጫት ሻጯን ከዋርካው ሥር ለምኜ አመጣኋት። ደፋር ነበረች፤ ደጃፉ ላይ ቆማ «ወላሂ ወርዷል! ኢጃ ኮቲን አርጌ!» አለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ ማለቷ ነው። «በቅሎም ሸንታበታለች! አንተ ሰውዬ፣ እኔ ውሸት ምን ያደርግልኛል?» ዳይሬክተሩ «አንተ ሰውዬ» መባላቸው ከሽንቱ በላይ ከነከናቸው። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ «አንቱ» አታውቅም። «የጫት ሻጭ ቃል ማስረጃ አይሆንም» አሉና አስወጧት። ስንት ማታ ሙሉ እኮ ቀንበጧን ማስረጃ ብለው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው! ቅጠሏን አምነው ቃሏን አላመኑም። ቱ!

«ለምን ፊታውራሪን ራሳቸውን አንጠይቅም?» አልኩ።

ባለ ሱቁ መቁጠሪያውን እየቆጠረ፣ «ወንድሜ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ይባላል። እሳቸውን ማን ደፍሮ ይጠይቃል?» አለ። ትናንት ማሻአላህ ብሎ ያቀፈኝ ሰው ነው ይህ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

«እንግዲህ ምረጥ» አሉ ዳይሬክተሩ። «ሰዓቱ ተሳስቷል በል፤ እንሰርዘዋለን፣ አገር ሰላም። አይ ካልክ፣ አልወረድኩም በል።»

ሰዓቱ ተሳስቷል ማለት አቃተኝ። ያንን ዳገት በጉልበቴ ነድቼ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት አድርጌ በገዛ አፌ አልወጣሁትም ልበል? ደግሞም በሞኝነቴ አሰብኩ፤ በክበቡ ደንብ ስለ እጅ መንሣት የተባለ ነገር የለም፣ ሰዓቴ ከጸና ድሬዳዋም ይጸናል። «አልወረድኩም» አልኩ። ሲፈጥረኝ ውሸት አልወድም፤ ያችን ግን ዋሸሁ።

ጸሐፊው ፈገግ ሲል ጥርሱ ሁሉ አረንጓዴ ነበር። ዳይሬክተሩ ጠመኔውን አስቀመጡ። «በል እንግዲያ ሰዓቱ ጸንቷል» አሉ። «ግን ፊታውራሪን የደፈረ ሰው የከተማችንን ስም ይዞ አይሄድም። መጀመሪያ ትታረቃለህ።»

ቅዳሜ ክበቡ በሙሉ ወደ ፊታውራሪው ግቢ ወሰደኝ። ድንጋይ አንገቴ ላይ አሸከሙኝ። ድንጋዩ እንኳ ታስቦበት የተመረጠ ነው፤ ጸሐፊው ከከብቶች በረት አጠገብ እበት የነካውን ፈልጎ ነው ያመጣልኝ። ላልበደልኩት በደል፣ ለነሣሁት እጅ፣ እበት በሸሚዜ ኮሌታ እየገባ አጎንብሼ ቆምኩ። ዳይሬክተሩ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ወጣትነቴን፣ የአገሩ ልጅ አለመሆኔን፣ ብስክሌት ሰውን እንደሚያሰክር ተናገሩ። ባለ ሱቁ መሬት መሬቱን ያያል። የፊታውራሪው አሽከሮች ግድግዳው ሥር ተደርድረው ይሳሳቃሉ። እነዚያው ናቸው፤ ሳጎነብስ በአጠገቤ ያለፉት።

ፊታውራሪው ብዙ አስቆሙኝ። ከዚያ «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ምሬዋለሁ፤ አውርዱለት» አሉ። ድንጋዩ ወረደ። ጉልበታቸውን ልስም ስጎነብስ አንገቴን ይዘው ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጉ። የጠጅና የሽንኩርት ትንፋሻቸው ፊቴን መታኝ።

«አይቼሃለሁ እኮ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ወርደህ እጅ ነስተኸኛል። ጨዋ ልጅ ነህ።»

«ታዲያ ጌታዬ ይንገሩልኝ እንጂ! አንድ ቃል ብቻ!»

«ይሄን ሁሉ የተማረ ሰው ደጄ ድረስ አምጥተህልኝ?» አሉ፤ ሆዳቸው በሳቅ ይነቀነቃል። «ዳይሬክተሩ ከመጣ ጀምሮ ደጄን ረግጦ አያውቅም። ዛሬ እንዴት ባዶ እጁን ልመልሰው?»

ያኔ ያስጠላኝን ያህል ምንም ነገር አስጠልቶኝ አያውቅም። ስንት መግል ያጠብኩ ሰው ነኝ፤ መግል እንኳ ሲታጠብ ይጠራል።

ማዕድ ቀረበ። ዳይሬክተሩ የበዓሉ አለቃ እሳቸው ይመስል ብርሌያቸውን ይዘው ተነሡ። «እንግዲህ እርቁ ወርዷል። ሆኖም ይህ ልጅ ገና አሁን ይቅርታ ስላገኘ ለድሬዳዋው ዘንድሮ ጸሐፊያችን ይሂድ ብለናል። አንተም ትስማማለህ አይደል?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

አልስማማም ልል ነበር። እውነቱን ልናገር፣ «ፊታውራሪ አሁን በጆሮዬ ነግረውኛል» ልል፣ አፌን ከፈትኩ። ፊታውራሪው እጃቸው ክትፎው ውስጥ ነበር። እስከ አንጓቸው በቅባት የረሰረሰውን እጅ አወጡና፣ ጡጫ የሚያህል የጥሬ ሥጋ ጉርሻ አፌ ውስጥ ጠቀጠቁት። ጣታቸው ጉሮሮዬ ድረስ ገባ። ጉርሻ አይመለስም፣ አይተፋም፤ ያውም የእርቅ ጉርሻ፣ ያውም የእሳቸው። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አፌ ሞላ፣ ድምፅ የሚወጣበት ቀዳዳ ጠፋ።

ሁሉም ጠበቁኝ። ዳይሬክተሩ «ዝም ካለማ ተስማምቷል» አሉ። ጸሐፊው መጀመሪያ አጨበጨበ፤ ባለ ሱቁም ተከተለ፤ ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ እዚያው ቆሜ አላመጥኩ፣ አላመጥኩ፣ ዋጥኩት።