ለቋሚ ሰው ሁለት ስንኝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ጠባብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻውም ውሉም ይመጣል፤ በብዛት የምጽፈው ግን በቀብር ላይ የሚነበበውን የሟች የሕይወት ታሪክ ነው። ሰው ሲያርፍ የእድሩ ጸሐፊ ፎቶ ይዞ ከች ይላል፤ ቀብሩ ሊደርስ ሁለት ሰዓት አይቀረውም። ስለዚህ ኮምፒውተሬ ላይ አንድ የተዘጋጀ ጽሑፍ ነበረኝ። ስም፣ የትውልድ ቦታና የልጆች ቁጥር እቀይራለሁ፤ «ደግ፣ አዛኝ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» የሚለው ለሁሉም ይሆናል። እንዲህ እየሠራሁ ራሴን ጸሐፊ ነኝ እል ነበር፤ ድፍረቴ ይገርመኛል።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከአንኮበር መጥተው አብረውኝ ይኖራሉ። በጉልምስናቸው ለቅሶ ቤት ሙሾ የሚያወርዱ የታወቁ አልቃሽ ነበሩ። አሁን ሙሾ ቀርቷል፤ ካህናቱ አይወዱትም፣ እድሩም በወረቀት ተክቶታል። ከሥራ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ቂም ግን አልያዙብኝም። ጠዋት ጠዋት ሱቄ ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከተፈናቃዮች መጠለያ የመጡ እናቶች ልጅ አዝለው ወረቀት ሊያስገለብጡ ሲሰለፉ፣ የሕፃኑን ባዶ እግር በነጠላ ጫፍ ይሸፍናሉ። «ብርድ ነው እኮ» ይላሉ።

አንድ ቀን አንዲት የሰፈራችን አዛውንት አረፉ፤ ልጅ አልወለዱም። ወረቀቱን በጥድፊያ ሠርቼ ሰጠሁና ወደ ቀብሩ ሄድኩ። ግቢው በሰው ተሞልቶ ሳለ አንባቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የስድስት ልጆች እናት ነበሩ» አለ። ቁጥሩ የባለፈው ሳምንት ሟች ነበር፤ ሳልቀይረው ቀርቻለሁ። ሰው ተንሾካሾከ፤ አንዱ ሳቁን በጋቢው አፈነ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያኔ አክስቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሡ፦

የስድስት እናት ቢሏት ሰው ለምን ገረመው?
በደጇ ቆሎ ሳይዝ ያለፈ ልጅ ማነው?

ግቢው በለቅሶ ገነፈለ። ሙሾ መቅረቱን ማንም አላስታወሳቸውም። እኔም በልጅነቴ ከዚያ ደጅ ቆሎ ዘግኛለሁና ከሁሉ በላይ አለቀስኩ።

ቤት እንደገባን፣ «በዚያች ደቂቃ እንዴት መጣልዎ?» አልኳቸው።

«አልመጣልኝም፤ ነበረኝ» አሉ። «ሰው በቁሙ ነው የሚታየው። ከሞተ ወዲያ ምኑን ልታዪው ነው?»

ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ሲውሉ ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ይይዛሉ፤ በስንኝ ቋጥረው ያኖሩታል። ቀኑ ሲደርስ ያወጡታል።

«አንቺ ደግ ነበሩ ብለሽ ትጽፊያለሽ። እንዲያ ማለት እኮ ምንም አላየሁም ማለት ነው። እጃቸው ምን ይሠራ ነበር? ነገ ሱቅሽን ሳትከፍቺ ስለ አንድ ቋሚ ሰው ሁለት ስንኝ ጻፊ። ሦስት እንዳታደርጊው!»

እንዲህ ጀመርኩ። አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም። ዐይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይሰሙኛል፤ ጣታቸው ከቆመ ስንኙ ተሰናክሏል። «እዚህ ጋ ያነክሳል» ይላሉ። ወይም «ይቺ ቃል ቤት ለመምታት ብቻ ነው የገባችው፤ አስወጫት።» እኔ ደግሞ የማላውቀው ቁጣ ነበረኝ። የደከምኩበትን ቃል ማን ያስወጣል! አስወጥቼው ሳየው ግን ስንኙ ቀና ብሎ ይቆማል። ሁለት መስመር ላይ መደበቂያ የለም፤ ለደግ፣ ለአዛኝና ለእንግዳ ተቀባይ አይበቃም። ቀስ በቀስ የሕይወት ታሪኮቹም ተለወጡ። ስላረፈ አንድ ጫማ ሰፊ፣ ምስማር በከንፈሩ ይዞ ደንበኛውን በቅንድቡ ሰላም ይል እንደነበር ጻፍኩ። ሚስቱ ወረቀቱን አንብባ፣ «እሱን ነው» ብላ ደረቷ ላይ አደረገችው።

በየቀኑ ጻፍኩ ብል ውሸት ይሆናል። የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን ከብርድ ልብስ ጋር ያጋባል። ስተኛ አክስቴ አይቆጡም፤ «ትናንት ሰው አላየሽም?» ብቻ ይላሉ። ያቺ ጥያቄ ከዱላ ትብሳለች፤ ተነሥቼ እጽፋለሁ። ሦስት ደብተር ሞላሁ።

ባለፈው ክረምት የሳንባ ምች ጣላቸው። ተሻላቸው፤ ግን ከስተው ቀሩ። አንድ ጠዋት ደጃፍ ተቀምጠው፣ «የኔን አንብቢልኝ» አሉ።

«የምኑን?»

«የሕይወት ታሪኬን። ሳይሞት ቁም ተስካሩን የሚያወጣ አለ አይደል? እኔ ድግስ አልፈልግም። የሚባልልኝን በጆሮዬ ልስማ።»

ደብተሮቹን አገላበጥኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ አለች፤ ዘበኛው አለ፤ ባለጋሪው ከነፈረሱ አለ። በየጠዋቱ አጠገቤ ስለሚቀመጡት አክስቴ አንድ ስንኝ የለም። እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ከድንጋጤ የተነሣ ያንኑ የድሮውን ጽሑፍ ከፍቼ ሞላሁት፤ የልጆች ቁጥር ላይ ስደርስ «ልጅ አልነበራቸውም» አልኩ። እኛ ቤት የሚታወቀው እንደዚያ ነው። ሳነብላቸው ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቆመ።

«አንድ» አሉ።

«ምን አንድ?»

«ልጅ። ሴት ነበረች።»

አንኮበር ሳሉ ወለዷት። ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳትነሣ፣ ድንገት ሞተች። ስም አልወጣላትም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀበረች፤ ለእንዲህ ያለች ለቅሶ አይቀመጡም ተባለ።

«ላገሩ ሁሉ አለቀስኩ» አሉኝ። «ለሷ ግን አንድ ስንኝ እምቢ አለኝ። እስቲ አንቺ ሞክሪልኝ።»

«አላየኋት እኮ! ሰው በቁሙ ነው የሚታየው ያሉት እርስዎ ነዎት» አልኩ።

ዘጠኝ ቀን ጠዋት ጠዋት ጻፍኩ፤ ዘጠኙንም ቀደድኩ። ከአበባ፣ ከመልአክ፣ ሰው ሁሉ ከሚለው ያለፈ አልወጣኝም። በዐሥረኛው ቀን አንዲት ተፈናቃይ እናት ልጅ አዝላ መጣች። አክስቴ ከወንበራቸው ጎንበስ አሉና ነጠላቸውን ወደ ሕፃኑ እግር ላኩ። ያንን እጅ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ስለ እናቶቹ ጽፌያለሁ፣ ስለ እጁ ግን አልጻፍኩም። የእናትየዋን ወረቀት አስቀምጬ በተበላሸ ኮፒ ጀርባ ጻፍኩና፣ ወጥቼ አነበብኩላቸው፦

የሰውን ልጅ እግር ሸፍነው ይውላሉ፣
አንኮበር ያለችው በረዳት እያሉ።

ጣታቸው አልቆመም።

«ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። በሦስተኛው ከአፌ ተቀበሉኝና፣ በለቅሶ ዜማ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እዚያው ሱቅ ደጃፍ አወረዱት። ያዘለችው እናት የልጇን እግር በእጇ ያዘች። እኔ ሰው ያየኛል ሳልል አለቀስኩ።

ሲጨርሱ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «በይ አሁን ወረቀቴን አስተካክይ፤ ሴትዮዋንም አታስጠብቂያት» አሉኝ። ገባሁና፣ የልጆች ቁጥር ከሚለው ጎን «አንድ» ብዬ ጻፍኩ።