የሆላንዶች ኑዛዜና የእህቴ ድርሻ

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጊንሃይም ካለው ቤቴ ወጣሁ። በአንድ እጄ አሮጌ ሰማያዊ ክላሰር፣ በሌላው ዣንጥላ ይዣለሁ። መንገዴ ከፍራንክፈርት አይወጣም፤ የምሄደው ቦናመስ የምትኖረውን እህቴን የሺን ለማግኘት ነው። አንባቢ «ይህም ጉዞ ተብሎ ይጻፋል?» ይል ይሆናል። ከተነጋገርን ስድስት ዓመት ስለሞላን ለእኔ ሩቅ አገር ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አባታችን ሲሞቱ ደብረ ብርሃን ያለው ቤትና ግቢ ለሦስት ልጆቻቸው ቀረ፤ ለእኔ፣ ለየሺና እዚያው ለሚኖረው ታናሽ ወንድማችን። ወንድሜ ደውሎ «ወራሾቹ እኛ ሁለታችን ብቻ ነን ብለህ ፈርመህ ላክልኝ። ጉዳዩ እንዲፈጥን ነው፣ እሷን በኋላ እናካፍላታለን» አለኝ። ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች «ወንድሜ ነው» እያልን ሳናነብ እንፈርማለን። እኔ ግን አንብቤ ነው የፈረምኩት። ያ «በኋላ» አልመጣም፤ የሺም ነገሩን የሰማችው ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነው።

ቦከንሃይም፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

በአሥራ ስድስት ቁጥር ትራም ቦከንሃይም ደረስኩ። እዚያ ውል የሚያጸድቅ ኖታር ዘንድ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ነበረኝ። እዚህ አገር ኖታር የሚፈረመውን ወረቀት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሕጉ ነው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ያወረዱ አንዲት ሴት «የአባታችን ልጆች ሦስት ነን፤ ቀድሞ የሰጠሁት ቃል እውነት አልነበረም» የሚለውን በጀርመንኛ እያነበቡልኝ ጠረጴዛውን ሳይ ቆየሁ። ሲጨርሱ «ተስማምተዋል?» አሉኝ። ፈረምኩ። ከዚያ ቢሮ ስወጣ የምደውልለት ሰው ቢኖረኝ ደስ ባለኝ፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ያለውን ነገር የምነግረው የለኝም።

ሃውፕትቫኸ፣ አምስት ሰዓት

ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ኪሎ መንደሪን በሦስት ዩሮ ገዛሁ። ከዚያ ሁለት ቁጥር ኡ-ባን፣ የምድር ውስጡን ባቡር፣ ተሳፈርኩ። ከጎኔ ያለው ወንበር እስከ መጨረሻው ባዶውን ሄደ።

ስለ ክላሰሩ ልንገራችሁ። ወደዚህ አገር የመጣሁት ለትምህርት ነበር። የዶክትሬት ጽሑፌ በቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካ ውስጥ፣ በሀድሰን ወንዝ ዳር ስለሰፈሩ የሆላንድ ገበሬዎች መሬትና ውርስ ነው። ባልና ሚስት አንድ ኑዛዜ አብረው ይጽፋሉ፤ በሕይወት የቀረው እርሻውን ሳይከፋፈል ይይዛል፤ እሱም ሲያልፍ ሴቱም ወንዱም ልጅ እኩል ይካፈላል። ባሏ የሞተባት ሴት ሌላ ማግባት ብትፈልግ መጀመሪያ ሹማምንቱ ፊት ቀርባ የልጆቿን ድርሻ ትለያለች። እንደኛው ሴቶች፣ አግብታም በአባቷ ስም ትጠራለች። እየቆየ፣ በእንግሊዞች አስተዳደር ስር፣ መሬቱን ለወንዶቹ፣ ለሴቶቹ ግን ላምና አልጋ መስጠት እየተለመደ መጣ። ጽሑፉን ሳልጨርሰው ፖስታ ቤት ተቀጠርኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ፤ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ።

ቦናመስ፣ ስድስት ሰዓት

የሺ የምትኖረው ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችው የልጅ ልጇ ናት። አየችኝና ወደ ውስጥ ዞራ «ኦማ፣ ዳ ኢስት አይን ማን!» አለች፤ «አያቴ፣ አንድ ሰውዬ መጥቷል» ማለቷ ነው። ለዚህች ልጅ የአያቷ ወንድም ነኝ።

የሺ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል።

«ግባ፣ ጋሼ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። የኖታሩን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አድርጌ «ሦስት ነን ብዬ ፈርሜአለሁ። ድርሻሽን እንድትጠይቂበት ነው፤ የመጠየቂያው ቅጽ ከኋላው አለ፣ እሱን አንቺ ትፈርሚያለሽ» አልኳት።

«የአባባ ጋቢ ደርሶኛል እኮ። ወንድማችን ልኮልኛል» አለች።

ላምና አልጋ፣ አልኩ በልቤ። ቀጥዬ ክላሰሩን ገፋሁላት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ጥናቴ ነው። የሴት ልጅ ድርሻ ምን እንደሆነ እንደማውቅ እንድታዪው ብዬ ነው።»

ክላሰሩን አልከፈተችውም፤ እጇን ብቻ አሳረፈችበት።

«ጋሼ፣ ይሄን የተየብኩት እኔ እኮ ነኝ። ከጽዳት ሥራ እየተመለስኩ። ጀርመንኛ ገና አላውቅም ነበር፤ ፊደል በፊደል ነው የለቀምኩት። ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ሦስቴ አስደግመኸኛል፤ ምን እንደሚል የነገርከኝ በሦስተኛው ነው።»

ረስቼው ነበር። በምስጋናው ገጽ ላይ ፕሮፌሰሩ አሉ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች አሉ። የሺ የለችም። ይቅርታ አልኳት።

የኖታሩን ወረቀት አነሳችና «አንብቤ ነው የምፈርመው» አለች። ክላሰሩን መለሰችልኝ። በሩ ላይ «በምን መጣህ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በመሀል ከተማ ዞሬ መምጣቴን ነገርኳት።

«ዘጠኝ ቁጥር እኮ ከአንተ ሰፈር ቀጥታ ነው» አለችና ዘጋችው።

ጊንሃይም፣ ስምንት ሰዓት

እውነቷን ነው፤ በዘጠኝ ቁጥር ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ስድስት ዓመት ሙሉ በመካከላችን የነበረው መንገድ ይኸው ነው። የሆላንዷ ሴት የልጆቿን ድርሻ የምትለየው ከሁለተኛው ሠርጓ በፊት ነበር። እኔ ግን የየሺን ድርሻ በልቼ እህትነቷ እንዲቆየኝ ፈለግሁ። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው።

ቤቴ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ከፈትኩ። «ሴት ልጅ ከወንድ ልጅ እኩል ትካፈላለች» የሚለው ጀርመንኛ ዓረፍተ ነገር ጎን፣ በእርሳስ፣ በየሺ የአማርኛ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የእኛም አባት እንዲህ ያደርጋሉ አይደል?»

ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ የእኔ መልስ አለ፦ «አዎ። ቀጥዪ።»