ቦታው ቀድሞ ለመጣ ነው

አጎቴ በጅማ፣ በበቾ ቦሬ የሰፈራችን መስጊድ ኢማም ነበሩ። በንጉሡ ዘመን የአካባቢው ባላባት ለጁምዓ ዘግይተው መጥተው፣ ሰው አስነስተው ከፊት ሊቆሙ ሲሉ፣ አጎቴ «ቦታው ቀድሞ ለመጣ ነው» ብለው መለሷቸው።

ደርግ መጥቶ የባላባቱ መሬት ተወረሰ። አንድ ጁምዓ ሰውዬው ከሁሉ ቀድመው መጡና ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጡ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከታጠቀ ጠባቂ ጋር በሩ ላይ ቆሞ፣ «ይህ አድኃሪ ወደ ኋላ ይሂድ!» አለ።

«ልጄ» አሉት አጎቴ፣ «ያኔ ለእሳቸው ብዬ ሰው አላስነሳሁም። ዛሬም ለአንተ ብዬ እሳቸውን አላስነሳም። ይልቅ ጫማህን አውልቅና ግባ።»

ከሰላት በኋላ አጎቴን ወስደው ቀበሌ አሰሯቸው። እኛ ሰጋጆቹ ተከትለን ደጁ ላይ ተቀመጥን። ማንም አልጮኸም፤ ማንም ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ባላባቱም ከእኛው ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ተፈቱ። «ምን አሉዎት?» ስላቸው፣ «ምን ይሉኛል፣ ሻይ ሰጡኝ» ብለው ሳቁ።

አሁን አላህ ወስዷቸዋል። ባለፈው ጁምዓ ሌላ ኢማም አሰገዱን፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸውም ያምራል። ሰላቱ አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ለካ አጎቴ እንደ ልማዳቸው ዞር ብለው በኦሮምኛ «አካም ኦልታን?»፣ እንዴት ዋላችሁ፣ እስኪሉን እየጠበቅሁ ኖሯል።